ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ዕቃ

ስሟን በትክክል የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ጉምሩክ ይላታል። ይህን ስም ያወጣላት የክሬኑ ሾፌር ሲሆን፣ ያወጣላትም አንድ ጠዋት ኪሱን አስገልብጣ ሁለት ከረሜላ፣ አንድ ጥፍር መቁረጫና የሚስቱን የመድኃኒት ማዘዣ ጠረጴዛዋ ላይ ካስደረደረችው በኋላ ነው። «ቀረጡ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ቀልድ የማይገባት ሆና ሳይሆን ሥራ ላይ ቀልድ ስለማትወድ፣ ጥፍር መቁረጫውን ቁጥር ሰጥታ መዘገበችው። ስሙ በዚያው ጸና። በማግሥቱ የሠራተኛው ቱታ ኪስ ሁሉ በእሷ ጥያቄ ተሰፍቶ ተዘጋ።

ሥራዋ ለሰሚው ቀላል ነው። ጣቢያው ከጉድጓዶቹ የሚመጣውን ጋዝ በረጅሙ ቧንቧ እስከ ወደቡ ድረስ ይገፋል፤ የሚገፉትም ሦስት ከባድ የጋዝ ተርባይኖች ናቸው። እያንዳንዱ ከአውቶቡስ ይረዝማል። በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ተራው የደረሰው ማሽን ይቆምና የላይኛው ክዳኑ በክሬን ተነሥቶ ሆዱ ተከፍቶ ይጠገናል። ሆዱ ክፍት በሆነባቸው ቀናት ዙሪያውን ገመድ ይታጠራል። ገመዱ አንድ መግቢያ ብቻ አለው፤ መግቢያው ላይ የእሷ ጠረጴዛ አለ። የሚገባ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጨርቅ ሳይቀር ቁጥር ተሰጥቶት ይጻፋል፤ ሲወጣ ምልክት ይደረግበታል። ሰዓት፣ ቀለበት፣ ስልክና ሳንቲም ደግሞ ሳጥኗ ውስጥ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ እንግዶች ይዞ ሊያስጎበኝ ሲመጣ፣ በእንግዶቹ ፊት የከረባቱን መያዣ አስወልቃዋለች። ሰውየው ያን ቀን ሳቀ፤ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠበቅ ማወቅ የፈለገ ሰው ከወርክሾፑ ጀርባ ይሂድ። እዚያ አንድ ሮተር፣ የተርባይን የሚሽከረከር ዘንግ፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ተጋድሟል። በላዩ ላይ ከተደረደሩት ክንፍ መሰል ብሌዶች አንድም ጤነኛ የለም፤ ያልተሰበረው ተጣሟል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሁለተኛው ማሽን ሮተር ነበር። አንድ ሰው ውስጥ የረሳት የብሎን ዳዶ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ዳዶ፣ ማሽኑ በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር ሲደርስ የመጀመሪያውን ብሌድ መታች፤ እሱ ሁለተኛውን መታ፤ ሦስተኛውን ለመቁጠር ማንም ጊዜ አላገኘም። አንድ ስባሪ ክዳኑን በስቶ ወጥቶ የነዳጅ ቧንቧ ቆረጠና እሳት ተነሣ። የክሬኑ ሾፌር በጋ ከክረምት እጅጌውን የማይሰበስበው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ዳዶዋን ማን እንደረሳት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስንት ስብሰባ ተሰብስቦ፣ ስንት ሰው ተጠይቆ፣ «እኔ ነኝ» ያለ አልተገኘም።

ከእሳቱ በኋላ አለቆቹ የማይዘናጋ ቆጣሪ ፈለጉ። የጥገናው ካቦ ያኔ «እኔ እህት አለችኝ» አለ። ባሏ ከሞተ ዓመት እንዳልሞላው፣ ሥራ እንደሚያስፈልጋት፣ ማንኪያ ከጎደለ ደግሞ እስኪገኝ ድረስ እራት የማታቀርብ ሴት መሆኗን አስረዳ። የማንኪያው ነገር አለቆቹን ሳያሳምናቸው አልቀረም። ጥቂት ሰዎች የዘመድ ሥራ ነው ብለው ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ግን አንድ ወር ሳይሞላ ዝም አሉ፤ ምክንያቱም ከሁሉ አብልጣ የምትፈትሸው ወንድሟን ሆነ። ቤት ውስጥ ጋሼ የምትለውን ሰው ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ ካቦ ትለዋለች፤ መነጽሩን በክር ካላሰረ አታስገባውም። እንዲህ ስምንት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ተራው የሦስተኛው ማሽን ነበር፤ ሠላሳ ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑን ሁሉም ሰው በጣቱ የሚቆጥረው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ካቦው አንድ ልጅ ብቻ አለችው፤ ልጅቷ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ታገባለች። ማሽኑ ዓርብ ጠዋት ይነሣል፤ ዓርብ ቀትር ላይ አውቶቡሱ ካቦውንና እህቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ማታ ከተማ ይገባሉ። ሰውየው አዲሱን ሙሉ ልብሱን ከወር በፊት ይዞ መጥቶ የማደሪያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በየማታው ሱሪውን ከግድግዳው እያወረደ መልሶ ሲያጥፈው አብሮት የሚያድረው ኢንጂነር አይቶ፣ ለሰው ሁሉ አውርቶ አስቆበታል። ካቦው አልተቆጣም። በዚያ ወር ውስጥ የሚያስቆጣው ነገር ጠፍቶ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ክዳኑ ሊመለስ ደረሰ። 212 ዕቃ ገብቶ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ወጥቶ፣ የቀረው የመጨረሻው እይታ ነበር። ይህም ካቦው ያስለመደው ደንብ ነው፤ ክዳኑ ከመውረዱ በፊት ማሽኑን በእጁ ያልነካ ሰው ገብቶ ያየዋል። የሠራው ሰው የሚያየው መሥራቱን ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ጉምሩክ ራሷ ጫማዋን በጨርቅ ሸፍና፣ የመጻፊያ ሰሌዳዋንና መብራቷን ይዛ ገባች። ሰሌዳው ቁጥር 1፣ መብራቱ ቁጥር 212 ነው። በየረድፉ እየተንበረከከች አየች። ከሮተሩ አጠገብ የጣት ስፋት ያላት ቢጫ ፕላስተር ተጣብቃ አገኘች። ላጠቻት፤ ከየት እንዳነሣቻትም እዚያው ጻፈች፤ ደንቡ እዚያው ይጻፍ ይላልና። ከዚያ ወደ አየር መግቢያው ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ረድፍ አየችና ወጣች። ክሬኑ እየጠበቀ ስለነበር ኢንጂነሩ ቸኩሎ የራሱን እስክሪብቶ ዘረጋላት። ፈረመች። የክሬኑ ሾፌር ያን ሁሉ ብረት እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አወረደው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው እየተፈራረቀ ረጃጅሞቹን ብሎኖች በእሳት እያጋለ ሲያጠብቅ አድሮ ዋለ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው አልቆ፣ ሰው ሁሉ ገላውን ሊታጠብ ሄዶ፣ እሷ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ዝርዝሩን ወደ ፋይሉ ልታስገባ ገጾቹን ታገላብጥ ነበር። ስምንቱም ገጽ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። የመጨረሻው ፊርማ ሰማያዊ ነው። ለምን ሰማያዊ ሆነ ብላ፣ እንደ ልማዷ እስክሪብቶዋን ልታወጣ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ከጆሮዋ ጀርባ ምንም አልነበረም።

ግራ ጆሮዋንም ዳሰሰች።

እስክሪብቶው ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ጣቢያው ሦስት ዓመት ያለ አደጋ በሠራ ጊዜ ለሠራተኛው በሽልማት የታደለ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ተቀርጾበታል። ሌሎቹ የእነሱን በወሩ ጣሉት፤ እሷ ቀለሙን እያስሞላች አምስት ዓመት ጻፈችበት። ቦታው ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ነው። ወደ ማሽኑ ስትገባም እዚያው ነበር፤ ስለ ፕላስተሯ የጻፈችው በእሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰክታው ወደ አየር መግቢያው ጎንበስ ብላለች። ስትወጣ ግን የኢንጂነሩ እስክሪብቶ ጠበቃት። ሰሌዳው ቁጥር ነበረው፤ መብራቱ ቁጥር ነበረው። የሰውን ሁሉ ዕቃ ሲጽፍ የኖረው እስክሪብቶ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የራሷን ጆሮ የፈተሸችበት ቀን የለም።

ፈለገች። የጠረጴዛዋን መሳቢያ ገለበጠች። ከመግቢያው እስከ ካፍቴሪያው፣ ከካፍቴሪያው እስከ ማደሪያው መንገዱን ዓይኗን ተክላ ሄደች። የታጠበ ቱታዋን አራገፈች፤ ትራሷን አነሣች፤ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበረከከች። ሳህን የምታጥበዋን ሴት ጠየቀች።  ሌላ ቦታ ወድቆ ይሆናል አለች ለራሷ፤ መሬት ላይ፣ ሳር ውስጥ፣ የሰው ኪስ ውስጥ። እንዲህ እያለች ከወርክሾፑ ጀርባ መድረሷን አላወቀችም። የተጋደመው ሮተር ፊት ቆመች። ምናልባት የዳዶዋም ባለቤት ያኔ እንዲህ ብሎ ይሆናል፤ መሬት ላይ ወድቃ ይሆናል ብሎ፣ እራቱን በልቶ ተኝቶ ይሆናል።

በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ። የወንድሟ ልጅ ነበረች፣ ሙሽራዋ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጠቦ እንደገና መሰፋቱን፣ ሁለት የእናቷ ዘመዶች በመቀመጫ መጣላታቸውን አንድ ትንፋሽ ሳታወጣ ነገረቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ አባዬ በእርግጥ ይመጣል አይደል? እንደ ምርቃቴ እንዳይሆን» አለች። አክስትየው አውቶቡሱ ነገ ቀትር ላይ ነው ብላ መለሰች፤ ያም ውሸት አልነበረም። ስልኩን ዘጋች። ዝም ብትል ማንም እንደማያውቅ ታውቃለች። ማሽኑ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲነሣ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች እንደሚኖሩም ታውቃለች።

ወንድሟን ያገኘችው ማደሪያው ውስጥ ነው። ጢሙን ተላጭቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ አንድ ወረቀት እያነበበ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ሲያያት ወረቀቱን አጠፈው።

«ጋሼ» አለችው። በሥራ ቦታ እንዲህ ብላው ስለማታውቅ ቀና አለ። «እስክሪብቶዬ የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሌላ ግዢ» ይል ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አወለቀ። የት እንደነበረች፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጻፈችበት፣ የት የት እንደፈለገች አንድ በአንድ ጠየቃት፤ አንድ በአንድ መለሰችለት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ልብስ አየ፤ እሷም አየችው።

«ዝርዝሩ ላይ አለ?» አላት።

«የለም።»

«ዝርዝሩ ላይ ከሌለ አልገባም ማለት ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገባ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወጣ። ደንቡ እሱ ነው።» ይህን ሲል ዓይኗን አላየም።

ወንድሟ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ከማፈሯ ይልቅ አዘነችለት። አንድ ልጅ ያለው፣ የልጁን ምርቃት የማሽን ሆድ ውስጥ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ምን ያድርግ?

«ጋሼ፣ ዝርዝሩን የጻፈው እኮ እሱ ነው» አለችው። «ራሱን እንዴት ይጻፍ?»

ካቦው ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ እጁን ጠረገበት፤ እጁ ግን ደረቅ ነበር።  በመጨረሻ ተነሣ፤ አዲሱን ልብስ ከነማንጠልጠያው አውርዶ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባውና በሩን ዘጋው። ከዚያ ቱታውን ለበሰ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ ኢንጂነሩን አስጠራ። ኢንጂነሩ ቀጭኗን ካሜራ በየቀዳዳው እያስገባ እስኪመሽ ፈተሸ። ካሜራዋ የደረሰችበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ከአየር መግቢያው ሥር፣ ከሮተሩ በታች ግን አልደረሰችም፤ ቀዳዳው አይፈቅድም። ኢንጂነሩ ይህን አልደበቀም። ሥራ አስኪያጁ ግን የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው። ወደቡ ላይ መርከብ ቆሟል፣ ሁለቱ ማሽኖች የሦስት ሥራ ተሸክመው አንድ ወር ሞላቸው፣ ካሜራው ንጹሕ ነው ይላል፣ ወረቀቱም ትክክል ነው ይላል፤ አንዲት ሴት እስክሪብቶ ጠፋብኝ ስላለች ተርባይን አይከፈትም አለ።

ማሽን ለማስነሣት ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የካቦውና የቆጣሪዋ። ጉምሩክ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኢንጂነሩን እስክሪብቶውን ለመነችው፤ ሰጣት። ሰማያዊውን ፊርማዋን በሰማያዊ ሰረዘችው።

«አሁን ትክክል አይደለም» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ካቦው ዞረ። በለሰለሰ ድምፅ፣ እሑድ የልጁ ሠርግ መሆኑን ጣቢያው ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ሰው ለአንድ ልጁ እንዲህ እንደማያደርግ ነገረው። ካቦው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወለሉን እያየ አዳመጠ። ሲጨርስለት፣ «እሷ ካልፈረመች እኔ አላስነሣም» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሥራ አስኪያጁ እርሱን አስቀርቶ ሌላ ካቦ እንደሚያመጣም ዛተ፤ ሌላው ካቦ ግን ያለው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ሥራ አስኪያጁ ክፈቱ ብሎ ፈረመ።

ለልጅቷ የነገራት አባቷ ራሱ ነው። እህቱ በሩ ሥር ቆማ የሰማችው «እሺ» እና «አውቃለሁ» ብቻ ነው። ሲወጣ ልጅቷ አለመቆጣቷን ነገራት። መቆጣት ነበረባት፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር አለ።

ዓርብ ቀትር ላይ አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ። የጥገናው ሰው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ አሥራ ዘጠኙም ሻንጣውን ጠቅልሎ ነበር፤ አሥራ ዘጠኙም ሻንጣውን ፈታ። ከዚያ ትላንት ያጠበቁትን ብሎን ዛሬ እያጋሉ መፍታት ጀመሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሰላምታ ግን ነሷት። ካፍቴሪያው ውስጥ እሷ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ሦስቱ ወንበሮች ባዶ ዋሉ። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ሲያነሣ የነበረው የክሬኑ ሾፌር እንኳ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ ከሁሉ በላይ አመማት። ቅዳሜ ማታ አንዱ ወጣት መካኒክ «ለአንድ እስክሪብቶ!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ የክሬኑ ሾፌር ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ የሁለቱንም እጅ እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበና ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የእሳቱን ጠባሳ ሁሉም አየ። ከዚያ በኋላ ስለ እስክሪብቶ ያወራ የለም።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ክዳኑ ተነሣ። በዚያው ሰዓት ከተማ ውስጥ ሙሽራዋ እየለበሰች ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ካቦው «እኔ የዘጋሁትን እኔ ልፈልግ» ብሎ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ስልኩን ሰጣት። ከቱታው ሥር ከለበሰው ሸሚዝ ኪስ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ አኖረ። ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው፤ መጠየቅ ልማዷ ሆኖ ነው እንጂ አውቃዋለች።

«ወረቀት ነው። ጻፊውና አስገቢኝ።»

ጻፈች። የምትጽፈው አሁን በእርሳስ ነው፤ እርሳሱ ከጠረጴዛው እግር ጋር በሲባጎ ታስሯል።

ካቦው በጀርባው ተኝቶ ከአየር መግቢያው ሥር ገባ። ከውጭ የሚታየው ጫማው ብቻ ሆነ። ኢንጂነሩ ያበራለታል፤ አሥራ ሰባት ሰው ገመዱን ከቦ ቆሟል። አንድ ሰዓት አለፈ። እሷ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ፈራች። ቢገኝስ ብላ ፈራች፤ ባይገኝስ ብላ ደግሞ ይበልጥ ፈራች። ባይገኝ ወንድሟ የልጁን ሠርግ የተቀማው በከንቱ ይሆናል፤ እሷም በዚህ ጣቢያ ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም።

ጫማው ተንቀሳቀሰ። ካቦው ክንዱ እስከ ትከሻው ጠቁሮ፣ አንድ እጁን ጨብጦ ወጣ። ማንንም ሳያይ ወደ ጠረጴዛዋ መጥቶ እጁን ከፈተው። «ደኅንነት ይቅደም» ይላል። ከመጀመሪያው የብሌድ ረድፍ ፊት፣ ከታች፣ ካሜራው የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ተጋድሞ ነው የተገኘው።

ያጨበጨበ የለም። ወጣቱ መካኒክ አፉን በእጁ ያዘ። የክሬኑ ሾፌር ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ቀረጡ ይከፈልበት» አለ። ያኔ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ሥራ ላይ አልቅሳ ስለማታውቅ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ግራ ገባት።

«ጻፊው» አላት ካቦው።

ጻፈች። ቁጥር 213፣ እስክሪብቶ፣ ብረት። የገባበት፣ ረቡዕ ጠዋት። የወጣበት፣ እሑድ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት። «ያስገባው ሰው» የሚለው አምድ ላይ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ገመዱ ጋ የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አነበቡት፤ ብዙዎቹ ስሟን ያወቁት ያን ቀን ነው።

ሥራው ቆሞ ሰው ምሳ ሲወጣ ሳጥኗን ዘረገፈች። ሁሉም ዕቃውን ወስዷል። አንድ የታጠፈ ወረቀት ቀርቷል። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዛ ወንድሟን ፍለጋ ሄደች፤ ያገኘችው ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጎን ባለችው ማረፊያ ውስጥ፣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነው። ከስልኩ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። የእህታቸው ልጅ ከተማ ውስጥ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ አሁን ይናገሩ፣ ሁሉም እየሰማ ነው» ይላል። ካቦው የሸሚዙን ኪስ ሲዳብስ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ኢንጂነሩና የክሬኑ ሾፌር ሳህናቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሌሎቹም ከኋላቸው ተጠጉ።

ካቦው መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እያነበበ እንዳልሆነ ለማስመሰል አልሞከረም።

«ልጄ» አለ። «ስትወለጂ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናትሽ በስልክ ነው የነገረችኝ። ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። እጅሽን የሰበርሽ ጊዜ ጄሶው ከወጣልሽ በኋላ ነው የደረስኩት። ስትመረቂ ማሽን ተከፍቶ ነበር። ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቅሁሽ አልቆጠርኩም፤ አንቺ ግን ቆጥረሽ ይሆናል።»

እዚህ ላይ ቆመ። እህቱ አጠገቡ ስለነበረች ቀጣዩን መስመር በትከሻው በኩል አየችው። ከአንድ ወር በፊት፣ ልብሱን በሰቀለበት ሰሞን፣ በትልልቅ ፊደል የጻፈው ነው። «ዛሬ ግን አልቀረሁም፤ ይኸው አጠገብሽ ቆሜአለሁ» ይላል።

ስልኩ ውስጥ ያለው ጫጫታ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። ካቦው ሊያነበው ከንፈሩን ከፈተ፤ ዘጋው። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ባዶ እጁን ወደ እህቱ ዘረጋ።

ምን እንደፈለገ ገባት። እስክሪብቶውን ከመዳፏ አውጥታ ሰጠችው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያን አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። ቀስ ብሎ ነው የሰረዘው፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

«ባልሽ ደግ ሰው ነው» ብሎ ከቀጣዩ መስመር ቀጠለ፤ ድምፁ አልተሰበረም። እስከ መጨረሻው አነበበ። እህቱ እንባዋ እየወረደ፣ መዳፏን ከፍታ፣ እስክሪብቶውን እስኪመልስላት ድረስ አጠገቡ ቆመች።